የሕፃኗ ነጠላ

አትላንታ ውስጥ የሕፃናት ፕላስቲክ ሰርጀን ነኝ። ውሎዬ አብዛኛውን ጊዜ ተሰንጥቆ የተፈጠረ ከንፈር ስሰፋ ነው።

አንዲት ወጣት አበሻ እናት ከፓይን ሌክ ከንፈሯ ተሰንጥቆ የተወለደች ሴት ልጇን ታቅፋ መጣች። የሕፃኗን ፊት በነጠላ ሸፍናዋለች፤ ነርሷ ብቅ ባለች ቁጥር ደግሞ ጫፉን ሳብ ታደርጋለች። እኔ ልጅ ሲደበቅ ማየት አልችልም፤ ደሜ ፈላ።

«ልጅሽ ምንም የሚያሳፍር ነገር የላትም፤ ግለጫት!» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝና ገለጠቻት።

ሰርጀሪው ደህና ሆነ። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ለፎሎው አፕ ሲመጡ ግን ያው ነጠላ እዚያው ፊቷ ላይ ነው።

«ደግሞ አሁን ምን ሆነች ብለሽ ነው?» አልኳት፣ እንደገና ቱግ ብዬ።

«ዓይን እንዳይበላብኝ ነዋ፣ ዶክተር።»

ሳቄ መጣ፤ ንዴቴም በረደ። ነጠላውን ቀስ አድርጌ ገለጥኩት። ልጅቷ አዲሱን ከንፈሯን አሹላ ትኩር ብላ አየችኝ።

«እውነትሽን ነው፤ አሁንማ በጣም ነው የምታምረው» አልኳት።

እናትየዋ ግራ ገብቷት አየችኝ።

«ያኔም እኮ የሸፈንኳት ለዚሁ ነበር» አለችኝ።