ስፒል የነከሰው አለቃ

ኢድሪስ በጋምቤላ ገበያ፣ ከባሮ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው የልብስ ስፌት ቤት ነበረው። ጊዜው በ1963 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ጃንሆይ በዙፋናቸው ላይ፣ ኢድሪስም በበርጩማው ላይ ነበሩ፤ ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ ይፈራ እንደነበር ለመናገር ያስቸግራል። ጃንሆይ ቢያንስ ሩቅ ናቸው። ኢድሪስ ግን እዚያው ነው፣ በእጁም የእንጨት ሜትር አለ።

ሜትሩን የወረሰው ጎሬ ላይ ሙያ ካስተማሩት ሽማግሌ ነው። እኒያ ሰው ተማሪ ስፌት ባጣመመ ቁጥር ጣቱን በሜትሩ ያቀምሱት ነበር፤ ኢድሪስ ሙያውን የተቀበለው ከነጣቱ እብጠት ነው። ታዲያ ጋምቤላ ወርዶ የራሱን ቤት ሲከፍት ሁለቱንም ይዞ መጣ። «ልክ ልክ ነው!» ይላል፤ ሌላው ሁሉ ለእሱ ጥጋብ ነው።

ሦስት ሠራተኞች ነበሩት። ዶርቃ የቁልፍ ቀዳዳ ትሠራለች፤ የቤተ ክርስቲያኗን መዝሙር በአፍንጫዋ ታንጎራጉራለች፣ አለቃው ቀና ሲል ታቋርጣለች። ኦቹዶ ልብስ በካውያ ይተኩሳል፤ ምን ቢሉት «እሺ» ነው መልሱ። ኦባንግ ደግሞ ረጅም አኙዋክ ነው፤ ጉልበቱ ከስፌት መኪናው ሥር አልገባ ብሎት በጎን ተቀምጦ ይሰፋል። አማርኛውን ከገበያ ስለለቀመው አንቱታ የሚባል ነገር አልደረሰውም። ቢሆንም እምብዛም ስለማይናገር ማንም አልተቀየመውም።

ኦባንግ አንድ ጊዜ በሱሪ ብሽሽት ላይ፣ ሁለቱ እግሮች ከሚጋጠሙበት ቦታ፣ አራት ማዕዘን ጨርቅ ጨምሮ ሰፍቶ ነበር። ኢድሪስ ሱሪውን ወደ ብርሃን አንሥቶ አየና «ይህን ማን አዘዘህ?» አለ። ቀጥሎ ሜትሩ ተናገረ። ጨርቁ ተተረተረ። ከዚያ ወዲህ ኦባንግ አዲስ ነገር ሲያምረው በራሱ ሱሪ ላይ ብቻ ይሞክራል።

እና ኢድሪስ ምን ብሎ ያማርር ነበር መሰላችሁ? ሠራተኞቼ ጭንቅላት የላቸውም ብሎ! ምሳ ላይ ለሚስቱ ለሰውዳ ሁሌ ይኸው ነው ወሬው። «ወላሂ፣ አንድ የሚያስብ ሰው አጣሁ።»

«አንተ ሰውዬ» አለችው አንድ ቀን ሰውዳ፣ «ሐሳብ ብቅ ባለ ቁጥር አናቱን በሜትር እያልከው ከየት ይምጣ?»

ኢድሪስ የሰማ አልመሰለም፤ አፉ ሞልቶ ነበር።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ ለወንዝ ዳሩ ጣቢያ ፖሊሶች ሱሪ እንዲሰፋ ታዘዘ። ኢድሪስ እያንዳንዱን ፖሊስ እንደ ምሰሶ አቁሞ ለካ፣ እንደ ጎሬው አስተማሪው አድርጎ ቆረጠ፣ ሰፋ። ሱሪው ቆመው ሲለብሱት ሙሽራ ያስመስላል። ግን የጋምቤላ ፖሊስ ሥራው በታንኳ ነው፣ ታንኳ ላይ ደግሞ ቁጢጥ ይባላል። ፖሊሶቹ አንድ ሌባ ሊይዙ ወንዙን ተሻግረው ሲወርዱ የሁሉም ሱሪ ከኋላ ቦርቀቅ ብሎ ተከፍቶ ነበር። ሌባው መሮጥ ጀምሮ ዞር ብሎ አያቸው፤ ሳቁ እግሩን ያዘውና ተያዘ።

የጣቢያው አዛዥ ሻምበል ዘውዱ ግን አልሳቁም። «ሌባ በሳቅ አይያዝም!» ብለው ሱሪዎቹን በኢድሪስ ጠረጴዛ ላይ ወረወሩ። «ከላይ እንግዳ ይመጣል፤ በታንኳ ነው የምንቀበለው። እንግዳው ፊት አንድ ሱሪ ቢቀደድ መኪናዎችህን ጠቅልለህ ጎሬ ትመለሳለህ።» ሻምበሉ በዚያ ከተማ ካሉ አሉ ነው።

ኢድሪስ መጀመሪያ ክሩን ደረበ። ክሩ ጀግና ሆነ፣ ጨርቁ ከጎኑ ተቀደደ። ያኔ የሰውዳ ነገር ትዝ አለውና ሠራተኞቹን ሰብስቦ ሜትሩን እያወዛወዘ ጮኸ፦ «ዛሬ ሁላችሁም ታስባላችሁ! ሐሳብ ያላመጣ ምሳ አይበላም!»

«እንጸልይ» አለች ዶርቃ።

«እሺ» አለ ኦቹዶ።

«እሺ ሐሳብ ነው እንዴ?»

ኦቹዶ ዓይኑን ሜትሩ ላይ ተከለ። «ሜትሩን… ወፍራም እናድርገው?»

ኦባንግ መሬት መሬቱን አየ። ሐሳቡ እኮ እዚያው ነበር፤ ለብሶት ነው የቆመው። ግን በሜትር ጥላ ሥር ማን ወፈፌ ነው የሚናገር? ያን ቀን ማንም ምሳ አልበላም፣ ኢድሪስም ጭምር።

በማግስቱ ሻምበሉ «ና፣ ጉድህን በዓይንህ እይ» ብለው ከወንዙ ማዶ አስጠሩት። ኢድሪስ ውሃ ስለሚፈራ ኦባንግ ይቅዘፍልኝ አለ። ታንኳው ውስጥ ገባ፣ ሁለቱን ጠርዝ ጨበጠ፣ ቁጢጥ አለ። ከታች በኩል ጠርርር የሚል ድምፅ ተሰማ። በገዛ እጁ የሰፋው የክት ሱሪ ነው።

ዳር ደረሱ። ሻምበሉና ፖሊሶቹ ዳገቱ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ።

«ጋሽ ኢድሪስ፣ ደርሰናል።»

«አውቃለሁ።»

«አትነሣም?»

«አየር እየወሰድኩ ነው።»

ኦባንግ ጎንበስ ብሎ አየና ነገሩ ገባው። አልሳቀም። ሸሚዙን አውልቆ ሰጠው፤ ኢድሪስ ወገቡ ላይ አሰረው። እንዲያ ሲመታው የኖረ ሰው አለመሳቁ ኢድሪስን አቃጠለው፤ ቢስቅበት ይሻለው ነበር። የሻምበሉን ቁጣ በሸሚዝ ተሸፍኖ ጠጥቶ ሲመለስ ዓይኑ በኦባንግ ሱሪ ላይ አረፈ። ቁጢጥ ብሎ ሲቀዝፍ የዋለው ሰው ሱሪ አንድ ክር እንኳ አልተነቀለበትም።

«ያንተ ለምን አልተቀደደም?»

ኦባንግ መቅዘፉን አቆመ። «ሜትሩን ይዘኸዋል?»

«ቤት ነው።»

«እንግዲያ ልናገር። አንተ ሰው ታቆማለህ፣ ትለካለህ። እዚህ ሰው ቆሞ አይውልም። ታንኳ ላይ ቁጢጥ፣ ዓሣ ሲያጠምድ ቁጢጥ፣ ሲጫወት ቁጢጥ። ሱሪህ ለቆመ ሰው ነው፤ ሰውየው ግን ቁጢጥ ብሏል። ይጣላሉ። ያ የብሽሽት ጨርቅ ያስታርቃቸዋል።»

«ይህን ማን…» ብሎ ኢድሪስ ጀመረና ባሮን አየ። መዋኘት አይችልም። አፉን ዘጋ።

ማታውን ለሰውዳ ሁሉንም ነገራት። እስኪበቃት ሳቀችና መላ ሰጠችው። «ደንበኛ ስትለካ ስፒል በከንፈርህ ትነክስ የለም? በዚያ ቤት ሰላም የሚሆነው ያኔ ብቻ ነው። ሰው ሐሳብ ሲነግርህም ንከስ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።»

ሜትሩን ወስዳ አጎበር መወጠሪያ አደረገችው።

በማግስቱ ኢድሪስ ስፒሎቹን ነክሶ በርጩማው ላይ ተቀመጠና ኦባንግን በእጁ «ቀጥል» አለው። አይ ስቃይ! የመጀመሪያው ሱሪ ብሽሽቱ እንደ ከረጢት ተንጠለጠለ፤ ኢድሪስ ስፒሎቹን ሊያጎብጣቸው ደረሰ፣ ግን አልተናገረም። ዶርቃ መዝሙሯን ሳታቋርጥ ጠጋ ብላ «ጨርቁን አጥብበው፣ አግድም ቁረጠው» አለች። ኦቹዶ የተቆረጠውን ተኩሶ አየውና በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ «እምቢ፣ ይሄ ያስጠላል» አለ። ኢድሪስ አፉ ባዶ ቢሆን ይስመው ነበር። ሌላ ቆረጡ፣ ተጨቃጨቁ፣ ሌላ ሰፉ። ያ መቃብር የመሰለ ቤት ገበያ ሆነ። በመጨረሻ አንዱ አማረ፤ ኢድሪስ ራሱ ለበሰው።

ሻምበል ዘውዱ የራሳቸውን ሱሪ ሊለኩ መጡ። ከነመለዮአቸው መሀል ወለሉ ላይ ደረታቸውን ነፍተው ቆሙ። ኦባንግ የልኬት ሪባኑን ይዞ ከላይ እስከ ታች አያቸው።

«ቁጢጥ በል» አላቸው።

የስፌት መኪናዎቹ ቀጥ አሉ። ዶርቃ ዓይኗን ጨፈነች።

«ማን? እኔ?» ሻምበሉ ፊታቸው ደም ለበሰ። ወደ ኢድሪስ ዞሩ። «አንተ ነህ ይህን ያዘዝከው?»

ኢድሪስ ስፒሎቹን ተፍቶ «ይቅርታ ጌታዬ፣ ይሄ ባለጌ ነው፣ ቆመው እለካዎታለሁ» ቢል ለዛሬ ይድናል። ነገ ግን ሱሪው እንግዳው ፊት ይቀደዳል፤ ኦባንግም ዳግመኛ አንዲት ቃል አይተነፍስም። መኪናዎቹን አየ። ኦባንግን አየ። ስፒሎቹን አጥብቆ ነከሰና ራሱን ወዘወዘ፤ እኔ አላዘዝኩም ማለቱ ነው። ከዚያ በጣቱ ወደ ኦባንግ ጠቆመ። ከዚያ በሻምበሉ ፊት፣ አዲሱን ሱሪ እንደለበሰ፣ ቁጢጥ አለ።

ሁሉም ጆሮውን ጣለ። ጠርርር የሚል የለም።

ሻምበሉ ጥቂት አሰቡ። ወደ በሩ አዩ። «ዝጉት» አሉ። ከዚያ ጉልበታቸው እየተንቋቋ፣ ከነመለዮአቸው ቁጢጥ አሉ፤ ኦባንግም እንደ ማንኛውም ሰው ለካቸው።

እንግዳው መጣ፣ ፖሊሶቹ ከታንኳ ወረዱ፣ ምንም አልሆነም። እንግዳው ሱሪ መኖሩንም አላስተዋለ።

ያን ዕለት ኢድሪስ ስፒሎቹን ከአፉ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ኦባንግን ጠራው። «ያን ጨርቅ» አለ በዚያው በድሮ ድምፁ፣ «መጀመሪያ ስትሰፋው ማን አዘዘህ?»

ሦስቱም ባሉበት ደረቁ። ኦባንግ ሳያውቀው እጁን አናቱ ላይ አደረገ።

«ማንም» አለ።

ኢድሪስ ያንን እጅ አየው። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ አልደበቀም። «አጠፋሁ» አለ። ከዚያ አዲስ የካኪ ጣቃ ከመደርደሪያው አውርዶ ፊቱ ዘረጋለት። «ነገም ማንም ያላዘዘህን ሥራ።»

ስፒሎቹን መልሶ ነከሰ።