የቁልቁለት እንግሊዝኛ

ደባሱ ከአሸተን ተራራ ሥር ካለች መንደር ይኖራል። ትንሽ የገብስ መሬትና ዳማ የሚላት አንዲት በቅሎ አለችው። እርሻው ፋታ ሲሰጠው ዳማን ጭኖ ወደ ላሊበላ ከተማ ይዘልቅና እንግዶችን ወደ አሸተን ማርያም ያወጣል። እንግዳ ጭራሽ በጠፋባቸው ዓመታት ሊሸጣት ሙጃ ገበያ ድረስ ወስዷት ነበር፤ አንጀቱ አልችል ብሎት ይዟት ተመለሰ።

ማውጣቱ ችግር ሆኖበት አያውቅም። እንግዳው ኮርቻ ላይ ከተደላደለ መንገዱን ዳማ ራሷ ታውቀዋለች። የሚያስጨንቀው መመለሻው ነው። ቁልቁለቱ ላይ እንግዳ ከበቅሎ ወርዶ በእግሩ መሄድ አለበት፤ ይህን ለማስረዳት ደግሞ ደባሱ የነበሩት ቃላት «ጎ» እና «ስቶፕ» ብቻ ነበሩ። ባለፈው ጥቅምት አንድ ረጅም ሰው ከኮርቻው እንዲወርድለት ፈልጎ፣ በጣቱ ወደ መሬት እያመለከተ «ጎ፣ ጎ» አለው። ሰውየው ንዳት የተባለ መሰለውና በቅሎዋን በተረከዙ ጎሰማት። ዳማ ቁልቁል ተፈተለከች። ደግነቱ ሰውየው የወደቀው ሣር ላይ ነበር፤ ልብሱን አራግፎ ሳቀ። ደባሱ ግን ሊስቅ አልቻለም። ከሣሩ እልፍ ብሎ ያለው ገደል ለብዙ ቀን ከዓይኑ አልጠፋም።

የሚስቱ የባንችይርጋ ታናሽ እህት ሰገነት ሙጃ ውስጥ እንግሊዝኛ ታስተምራለች። ለገና እነሱ ቤት ስትመጣ ደባሱ ገና ሳታርፍ ያዛት።

«የመውጣቱን ተይው፤ እሱ አይቸግረኝም። የመውረዱን እንግሊዝኛ ብቻ አስተምሪኝ» አላት።

ሰገነት መጀመሪያ የሚቀልድ መስሏት ነበር። ነገሩ ሲገባት ግን በደንብ አስረዳችው። በእኛ አንዱ «ውረድ» ከበቅሎም፣ ከመኪናም፣ ከዛፍም፣ ከሥልጣንም ያወርዳል፤ በእነሱ ግን «ዳውን» የምትባለው ቃል ከኋላ ትቀመጥና ከፊቷ በምትገባው ቃል ትለዋወጣለች። ከአጠገብህ ወደ ታች ስትልከው «ጎ ዳውን» ነው፤ አንተ ታች ሆነህ ስትጠራው «ካም ዳውን»፤ ከወጣበት ነገር ላይ ስታወርደው «ጌት ዳውን»፤ እግሩን ዝቅ አድርጎ እንዲረግጥ «ስቴፕ ዳውን»። «ዲሴንድ» የምትባልም ጨመረችለት። እሷን ደባሱ አልወደዳትም፤ የመጽሐፍ ቃል ናት፣ ገደል ላይ አትሆንም አለ። ከዚያ በኋላ አውድማ ላይ ከበሬዎቹ ኋላ እየዞረ ቃላቱን ጮክ ብሎ ሲለማመዳቸው፣ ባንችይርጋ ከሰው የተጣላ መስሏት ሁለቴ ወጥታ አይታዋለች።

በመጋቢት ይታገሱ የሚባለው አስጎብኚ ደወለለት። ማርጋሬት የሚባሉ በዕድሜ የገፉ እንግዳና ሴት ልጃቸው መጥተዋል፤ እናቲቱ በበቅሎ ነው የሚወጡት። አወጣጡ መልካም ነበር። ቤተ ክርስቲያኑን ተሳልመው፣ ትንሽ አረፍ ብለው ሊመለሱ ሲነሱ ግን የበልግ ዝናብ ከበረዶ ጋር መጣ። ቶሎ አባራ፤ ድንጋዩ ግን ሳሙና የተቀባ መሰለ። ጥቂት እንደወረዱ ልጅቷን ቁርጭምጭሚቷ ወለም አላት። ይታገሱ ደግፏት ቀስ እያለ እንዲቀድምና፣ ደባሱ ከእናቲቱ ጋር እንዲከተል ተስማሙ።

ከቋጥኙ መሀል እንደ ደረጃ ተፈልፍሎ የሚወርድ ጠባብ ቦታ አለ። አንዱ ጎኑ ግድግዳ፣ ሌላው ጎኑ ባዶ ነው። ማርጋሬት እዚያ አፋፍ ላይ ሲደርሱ ወደ ታች አዩ፤ በቃ፣ እግራቸው እምቢ አለ። ግድግዳውን ይዘው ቀሩ። እነይታገሱ ጥጉን አልፈው ከዓይን ተሰውረዋል፤ ጉሙም ከሸለቆው እየወጣ ነበር።

ደባሱ ዳማን ቀድማ እንድትወርድ ለቀቃትና እሱም ትንሽ ወረደ። አውድማ ላይ እንደዚያ ሲወርዱለት የነበሩት ቃላት ተቀላቀሉበት። ከመጡለት የመጀመሪያውን ይዞ፣ «ጌት ዳውን!» ብሎ ጮኸ።

ማርጋሬት ወዲያው በደረታቸው ድንጋዩ ላይ ተኙና ጭንቅላታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ።

ደባሱ ደነገጠ። ምን እንዳደረጋቸው አልገባውም። ድምፁን ለስለስ አድርጎ «ካም ዳውን፣ ካም ዳውን» አላቸው። ሴትየዋ ቀና ብለው በቁጣ የሆነ ነገር መለሱለት። ያኔ ደባሱ ቃላቱ እንዳልበጁት ገባው። ተመልሶ ወጣና፣ ራሱ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብሎ፣ በመቀመጫው እየተንሸራተተ አንድ እርከን ወረደ። ከዚያ ፊቱን ወደሳቸው መልሶ ትከሻውን መታ መታ አደረገ፤ እዚህ ይያዙ ማለቱ ነው።

«አይዞዎት፣ እማማ። እኔ አለሁ» አለ በአማርኛ።

ትንሽ አዩት። ከዚያ ተነስተው ተቀመጡና ትከሻውን ያዙ። ደባሱ ጫማቸውን በእጁ ይዞ ከታችኛው ድንጋይ ላይ እያሳረፈ፣ በየእርከኑ «ስቴፕ ዳውን» ይላል፤ እሳቸውም ይደግሙታል። መጀመሪያ ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። መሀል ላይ ሲደርሱ «በአማርኛስ?» ብለው በምልክት ጠየቁት። «ይውረዱ» አላቸው። ከዚያ ወዲያ አንዱን እርከን በእንግሊዝኛ፣ አንዱን «ይወረዱ» እያሉ ወረዱት። ደባሱ ሊያርማቸው አልደፈረም።

የመጨረሻውን ድንጋይ አልፈው ሜዳውን ሲረግጡ፣ ማርጋሬት ደባሱን አንገቱን አቅፈው አለቀሱ፤ እያለቀሱም ይስቁ ነበር። እሱም ከጎናቸው ሣሩ ላይ ቁጭ አለ። ዳማ ቀድማቸው ደርሳ ሣር ትግጣለች። ጉሙ ሲገለጥ ከታች ይታገሱና ልጅቷ እጃቸውን እያውለበለቡ ታዩ።

ሲገናኙ ይታገሱ ነገሩን ከሁለቱም ወገን ሰማና ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ጌት ዳውን» አንዳንዴ አደጋ መጣ፣ ተኛ ማለትም ነው፤ ሴትየዋ ከላይ ናዳ የመጣ መስሏቸው ነበር። «ካም ዳውን» ያለውን ደግሞ፣ በእነሱ ቋንቋ ተረጋጊ ከሚለው ጋር በድምፅ ስለሚቀራረብ፣ ተረጋጊ እንደተባሉ ሰሙት፤ የተቆጡት ለዚያ ነው፤ በፍርሃት ላይ ያለ ሰው ተረጋጋ ሲሉት አይወድም። ማርጋሬት ይታገሱን አንድ ነገር አስተርጉምልኝ አሉት።

«አሁን ተረጋግቻለሁ በልልኝ» አሉ።

ማምሻውን ደባሱ ለሰገነት ደውሎ ሁሉንም ነገራት። ሳቋ ከስልኩ አልፎ ባንችይርጋ ጋ ደረሰ። ያቺን የጌት ዳውንን ሁለተኛ ፍቺ ሳትነግረው በመቅረቷ አዘነች፤ እሱ ግን አልተቀየማትም። እንዲያውም ሌላ ካለ ጨምሪልኝ አላት። እነሱ ዘንድ «ዳውን ነኝ» ማለት ከፍቶኛል ማለት እንደሆነ ነገረችው።

ደባሱ አሰበበት። «እንግዲህ ይኼ እኔን አይገባኝም» አለ። «እኔ ሰው ይዤ ታች ስደርስ ነው ደስ የሚለኝ።»

ስልኩን ዘግቶ ለዳማ ገብስ ጨመረላት። ባንችይርጋ እራት አቀረበች፤ ደባሱም ያን ማታ እንደልቡ በላ። በማግስቱ የልጅቷ እግር እብጠቱ እንደጎደለ፣ እናቲቱም ይምርሐነ ክርስቶስ መሄድ እንደሚፈልጉ ይታገሱ ደውሎ ነገረው። እዚያስ ቁልቁለት አለ ወይ ብለው ጠይቀዋል አለው። ደባሱ፣ ትንሽ አለ፣ ግን እኔም አለሁ በላቸው ብሎ ኮርቻውን ሊያወጣ ተነሣ።