ጭቃ የሸፈናቸው ወንበሮች

የበደለኝ ደምሰው ነው፤ በሐይቁ ዳር የነበረ የአንድ መናፈሻ ኃላፊ። ጊዜው የክረምት መውጫ፣ ዕድሜዬ ሃያ ሁለት ነበር። ያኔ አንቱ እለው ነበር፤ አሁን አልልም። በዚህ ሳምንት ከዘንዘልማ በባጃጅ ስመለስ ሎደር ከሐይቁ ዳርቻ ደለል ሲገፋ አየሁና ነገሩ መጣብኝ።

ያን ዘመን ጎርፉ ከከተማው ወርዶ መናፈሻውን በጭቃ ይሞላው ነበር። አግዳሚ ወንበሮቹ ይቀበራሉ፤ የሎደር ሾፌር ከላይ ሆኖ አያያቸውም። እኔ በየወንበሩ ማዕዘን የባሕር ዛፍ እንጨት እየተከልሁ ቀይ ጨርቅ አስርበታለሁ። ለተቀበረ ወንበር ይህን ያህል መጨነቅ ሊያስቅ ይችላል። እኔ ግን ጊዜያዊ ሠራተኛ ነበርሁ፤ ወንበሮቹ በደህና ከወጡ ቋሚ ትሆኛለሽ ተብያለሁ። በቀትር ከሾፌሩ ከጌታሁን ጋር የተጠበሰ እሸት በቆሎ ተካፍለን እንበላ ነበር። ጥርሳችን በጥላሸት ይጠቁራል።

አንድ ዓርብ በቀትር እንግዳ ይመጣል ተባለ። ደምሰው መጥቶ ጨርቆቹን አየ።

“መናፈሻዬን የጠንቋይ ደጅ አስመሰልሽብኝ እኮ። ይኸን ሁሉ ንቀይልኝ።”

“ጋሼ፣ ሎደሩ ገና አልጨረሰም” አልሁት።

“ያልሁሽን አድርጊ፣ አንቺ ልጅ።”

ጌታሁን አጠገባችን ተቀምጦ በቆሎውን ይበላ ነበር። ነቀልሁ።

እንግዶቹ መጥተው ሄዱ። ቅዳሜ ጠዋት እንጨቱን መልሼ ለመትከል ስደርስ ደምሰው ጌታሁንን አዝዞ ሎደሩን አስነሥቶት ነበር። አምስት ወንበሮች ተሰባብረው ከጭቃው ጋር ተከምረዋል።

ሰኞ በስብሰባ ላይ ደምሰው ምልክት አላደረገችም አለ። እሱ ራሱ አስነቅሎኝ ነው አልሁ። ሰብሳቢው ወደ ጌታሁን ዞሮ የሰማኸው ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቀው። ጌታሁን ቆቡን በእጁ አዟዟረ።

“ሞተሩ ይጮኻል፤ አልሰማሁም” አለ።

ዓርብ ቀትር ሞተሩ ጠፍቶ ነበር።

በዚያው ቀን ከሥራ ተሰናበትሁ። አላለቀስሁም። ልብሴን በፌስታል ይዤ መራዊ እናቴ ቤት ገባሁ። ሌላ ሥራ ፈለግሁ፤ አላገኘሁም።

በጥር ጌታሁን ሽማግሌ ላከ። እናቴ ደመወዝተኛ ነው አለች። አገባሁት። አራት ልጆች አሳደግን። ያን ስብሰባ አንድም ቀን አላነሣም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ሰው ከእንዲህ ያለ ዝምታ ጋር መኖር ይችላል፤ እኔ ኖሬያለሁ።

ዛሬ እሱ ከሰዓት በኋላ እንቅልፉን ሲተኛ ይህን ጻፍሁ። ስጨርስ ወረቀቱን ከመነጽሩ አጠገብ አስቀመጥሁት።