የካራው መጋረጃ

ቅዳሜ ንጋት፣ ደብረ ብርሃን

ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። አንድ ሻንጣ፣ አንድ ወፍራም ብርድ ልብስና አንድ ፌስታል ቆሎ ይዤ ከዶልፊን ሚኒባሱ ሾፌር ጎን ተቀመጥኩ። ባሌ ዮናስ ሥራው ወደ አዲስ አበባ ከተዛወረ ወር ሆኖታል፤ መሪ ሰፈር ያለው ኮንዶሚኒየማችን ውሃና መብራት እስኪገባለት ድረስ ከተማው መግቢያ ላይ፣ ካራ፣ አንዲት ክፍል ተከራይቷል፤ እኔም ጠቅልዬ መሄዴ ነው።

«ወር ሙሉ ብቻውን?» አለ ሾፌሩ። «እህቴ፣ ዘግይተሻል።»

ተሳፋሪው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ጥርሴ ነው እንጂ ሆዴስ አልሳቀም። ሸኖ፣ አለልቱ፣ ሰንዳፋ፤ ቅቤ ሻጮች፣ የገብስ ክምር፣ የቆሙ ሲኖትራኮች። አንዱንም በቅጡ አላየሁትም።

ረፋድ፣ ካራ

የቆርቆሮ በር፣ ጭቃ፣ ከአጥሩ ማዶ የጎመን ማሳ። ክፍላችን ንጹሕ ናት፤ ፍራሽ ያለው አልጋ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ መስኮቱ ላይ ቢጫ አበባ ያለበት መጋረጃ። ዮናስን አውቀዋለሁ፤ ካልሲውን እንኳ የምገዛለት እኔ ነኝ። መጋረጃ ይመርጣል ብላችሁ እንዳትሞኙ።

«ማን መረጠው?»

«ሰናይት፣ ጎረቤታችን። ትወጃታለሽ።»

ወዲያው መጣች። ረጅም፣ ጠይም፣ እንዳለመታደል ሆኖ ቆንጆ ናት። እኔን ስማ ስታበቃ ወደ እሱ ዞራ «ኃይለ ገብርኤል፣ ይኸው መጣችልህ» አለችው።

እናንተዬ፣ ይህ የባሌ የክርስትና ስም ነው። እናቱ መተት ፈርተው ለሰው አይናገሩትም፤ እኔ ራሴ የሰማሁት ቄሱ ሲያጋቡን ነው። ይቺ በወር ውስጥ ከየት አገኘችው? ቅናት እንደ ሚጥሚጣ ለበለበኝ። ሻንጣዬን ሳልከፍት አልጋ ሥር ገፋሁት። የጠረጠርኩት እውነት ከሆነ ሰኞ ወደ ደብረ ብርሃን እመለሳለሁ፣ አበቃ።

እሑድ ጠዋት፣ እንጦጦ

ዮናስ ሥራ ገባ። ሰናይት «ኪዳነ ምሕረት አብረን እንሂድ» ስትለኝ ለብቻዋ ላገኛት ብዬ ተከተልኳት። መገናኛ፣ ሽሮ ሜዳ፣ ከዚያ ዳገቱ፤ ባሕር ዛፍ፣ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች፣ የሚያቃስት ሚኒባስ። ጠይቂያት ጠይቂያት ይለኛል፣ አፌ ግን የሚጠይቀው የታክሲ ሒሳብ ነው።

ቅጥሩ ውስጥ የአንድ ሽማግሌ ቄስ መስቀል ተሳለመች። «አባ፣ ይቺ ናት።»

«ፍቅርተ ማርያም ነሽ?» አሉኝ።

የራሴን የክርስትና ስም ከማላውቃቸው ሰው ስሰማ ክው አልኩ። ሰናይት አስረዳችኝ። እሷ በየሳምንቱ ትወጣለች፤ ዮናስ እሑድም ስለሚሠራ ጸሎቱን በእሷ ይልካል። በጸሎት ደግሞ ሰው በዓለም ስሙ አይጠራም፤ የሁለታችንንም የክርስትና ስም የነገራት ለዚህ ነው።

«ምን ብሎ ነው የሚልከው?»

አባ ፈገግ አሉ። «ከቤቷ ላወጣት ነው፤ በሰው ግቢ ከፍቷት ትታኝ እንዳትሄድ፣ ብሎ ነው። ስምሽን ከእሱ አስቀድመን ነው የጠራነው።»

አንገቴን ደፋሁ፤ ዕንባዬ መጣ። ግን ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ ቅናቴ አልጠፋም። ይህን ፍርሃቱን ለእኔ ሳይነግር ለእሷ መንገሩ እስካሁን ያንገበግበኛል።

አመሻሽ፣ ካራ

ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር ጎትቼ ልብሴን ከዮናስ ልብስ ጎን ደረደርኩ። በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል። ከዚያ ወንበር ላይ ወጥቼ መጋረጃውን አወረድኩና በቦታው የደብረ ብርሃን ብርድ ልብሴን ሰቀልኩ።

«ምን አጠፋ?» አለ።

«ምንም። ነገ ሌላ አብረን እንመርጣለን፣ ኃይለ ገብርኤል» አልኩት።