በካርታ ታስሬ

ወሬው የደረሰኝ ከቅዳሴ ስወጣ ነው። የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ከደጀ ሰላሙ ቆሞ ይጠብቀኛል። «እትዬ፣ ካርታዎን ከግድግዳው ገንጥለው ወሰዱት። እርስዎንም ይፈልጋሉ» አለኝ።

ካርታው የጎንደር ነበር። ከወገራ ለሚመጡ፣ ከተማ አይተው ለማያውቁ ተማሪዎቼ በአቡጀዴ ላይ የሣልሁት ነው፤ ግንቡንና አብያተ ክርስቲያናቱን ከፎቶግራፍ ቆርጬ ለጥፌበታለሁ። ጣቢያ ስቀርብ መርማሪው ጣቱን ከቀሃ ወንዝ ድልድይ ላይ አሳረፈ።

«ይኼን ለየትኛው ሽፍታ ብለሽ ነው የሣልሽው?»

«መንገዱ ወንዝ ስለሚሻገር ነው፣ ጌታዬ።»

አላመነኝም።

ያስገቡኝ ክፍል በጣሊያን ጊዜ የእህል መጋዘን ነበር ይላሉ። ቆርቆሮው ቀን ቀን ይነድዳል። አሥራ አንድ ሴቶች በአንድ ባልዲ እንጠቀማለን። የሰሌን ጫፍ ያካፈሉኝ የአምባ ጊዮርጊስ ሴት፣ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ፣ «ምነው፣ በምን ተያዝሽ?» አሉኝ።

«በካርታ።»

ሰሌኑን ሳብ አደረጉት። «ይህን የመሰለ ማተብ አስረሽ፣ ቁማር!»

ሴቶቹ ሳቁ። ሌላም ካርታ እንዳለ፣ አገር የሚሣልበት እንደሆነ እስካስረዳ ድረስ ፊቴ ጋለ። እሳቸው ግን መሳቁን ትተው አሰቡ። «እንግዲያ ባሌ ያለበትን ታሳዪኛለሽ?»

ባላቸው በመሬት ልኬታ ጠብ ተይዘው እዚሁ እስር ቤት ሞቱ። ሴትዮዋ «ሬሳውን ስጡኝ» ብለው ስለጮኹ ታሰሩ። የተቀበሩበትን ደብር አንድ ቄስ በጆሯቸው ነግረዋቸዋል፤ ከተማውን ግን አያውቁትም። መንገድ ቢጠይቁ መልሰው እንዳያስሯቸው ይፈራሉ።

«አፈሩን ሳልነካ ተዝካሩን እንዴት ላውጣ?» አሉኝ።

የከሰል ስባሪ ለቅሜ ሲሚንቶው ላይ ሣልሁ። ፊደል አያውቁምና ግንቡን በማማዎቹ፣ ወንዙን በሁለት መስመር አመለከትሁ። «ግንቡን ከጀርባዎ ያድርጉ። ፒያሳን ሲያልፉ ወደ ፀሐይ መጥለቂያ ቁልቁል ይውረዱ። ከድልድዩ ማዶ የደብሩ ጽዶች አሉ።»

በሩ ተከፈተ። ተረኛው ወታደር ወለሉን አየ።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

ካርታ ሥዬ ታስሬ ደግሜ ካርታ ሥያለሁ።

«ካርታ ነዋ፣ አያ!» አሉ ሴትዮዋ። «ቁማር እያስተማረችኝ። ደሞ በላኋት!»

ተረኛው የእኔን ክስ «ካርታ» በሚለው ስሙ ብቻ ነበር የሚያውቀው። «በእርጅና ቁማር!» ብሎ ሳቀና በጫማው ፍቆት ወጣ። ሐሰት መሆኑን እያወቅሁ ዝም ማለቴን በኋላ ለንስሐ አባቴ ተናዝዣለሁ። ቀኖና አልሰጡኝም።

በሩ እንደተዘጋ ሴትዮዋ ነጠላቸውን አስተካክለው ተንበረከኩ። ከሰሉን ከእጄ ወስደው ግንቡን፣ ቁልቁለቱን፣ ድልድዩን፣ ጽዶቹን አንድ ሳያስቀሩ ሣሉ። ከጽዶቹ ሥር እኔ ያልሣልሁትን ትንሽ መስቀል ጨመሩበት።

«ሸጋ ነው?»

«ሸጋ ነው፣ እናቴ።»

ከዚያ ራሳቸው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። በሳምንቱ ተፈቱ።

እኔ ስፈታ ጎንደር እንዳላስተምር ተከልክዬ ነበርና ኑሮዬ ጅማ ሆኖ ቀረ። ከተማውን ከኮረብታ ላይ የሚያሳይ አንድ ፎቶግራፍ ሣጥኔ ውስጥ አለኝ። ድልድዩ ክር ያክላል፤ ጽዶቹ የጥላሸት ነጠብጣብ። ከጸሎት በኋላ በጣቴ እስከዚያ እወርዳለሁ። እሳቸው ይድረሱ አይድረሱ ግን አላውቅም።

በዚያ ሰሞን ከቀሃ ማዶ ያገለገላችሁ ካህናት፣ ደጁን የተሳለማችሁ ምእመናን፥ ማንንም መንገድ ሳይጠይቁ የመጡ፣ የነጠላቸው ጫፍ በከሰል የጠቆረ ሴት አይታችሁ እንደሆነ፣ ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ ጻፉልኝ።