አቻምየለህን የጠራችው ሴት

አምለሰትን የማያውቅ ሰው «ፈሪ ናት» ቢሉት ያምናል። ቀጭን ናት፣ ድምጿ ዝቅ ያለ ነው፣ ሰው ሲያነጋግራት ዐይኗን መሬት ላይ ትጥላለች። እኔ ግን አውቃታለሁ። ከወረኢሉ ተነስታ ጅግጅጋ፣ ከጅግጅጋ ወጃሌ፣ ከወጃሌ ሀርጌሳ የገባችው ማንም እጇን ሳይዛት ነው። አንድ ጊዜ ጊቢያችን እባብ ገብቶ ወንዶቹ ዱላ ፍለጋ ሲራወጡ፣ እሷ በመጥረጊያ እንጨት ጨርሳው ወደ ልብስ አጠባዋ ተመለሰች። ዱላ ፍለጋ ከሄዱት አንዱ ባሏ ነበር፤ ይህን ሳነሳበት ይናደዳል። እንዲህ ያለች ሴት «ፈራሁ» ስትል ጆሮ መስጠት ነበረብኝ፤ እኔ ግን ሙቀቱ ነው አልኳት።

እኔ ሚስጥር እባላለሁ። ማሕሙድ ሃይቤ በሚባለው የሀርጌሳ ሰፈር ጸጉር ቤት እሠራለሁ። ስምሽና ሥራሽ አይተዋወቁም እያሉ ይቀልዱብኛል፤ እውነት ነው፣ ጸጉር ቤት ወሬ አያድርም። ጅን፣ ዛር፣ ዐይነ ጥላ የሚባለውን ሁሉ ከደንበኞቼ በየቀኑ እሰማለሁ፤ በአንዱ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ይህኛው ግን አልወጣም።

የምንኖረው ሼክ ኑር ሰፈር ነው፣ በአንድ ጊቢ ውስጥ በተደረደሩ ክፍሎች። አከራያችን ዓናብ ድሬዳዋ ያደገች የሀርጌሳ ሴት ናት፤ አማርኛዋ ከእኔ የባሰ ፈጣን ነው። ኤዶ እንላታለን፣ በነሱ ቋንቋ አክስት እንደማለት ነው። አምለሰትና ባሏ ይሄይስ ከእኔ ቀጥሎ ያለው ክፍል ውስጥ ናቸው። ይሄይስ ሴራሚክ ያነጥፋል። የደብረ ማርቆስ ልጅ ነው፤ እጁ ወርቅ፣ አፉ ደግሞ ትንሽ ጉራ የሚወድ። እሱ ባነጠፈው ወለል ላይ ውሃ ቢደፋ ወዴት እንደሚሄድ ግራ ይገባዋል ይላል።

ከሁለት ዓመት በፊት ወንድ ልጅ ወልደው ነበር። በሦስተኛው ቀን ሞተ። ክርስትና ሊነሳ ቀርቶ ስም እንኳ አልወጣለትም። ይሄይስ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ወስዶ ቀበረው፤ አምለሰት ገና አልጋ ላይ ነበረች፣ መቃብሩንም አላየችውም። ሰው ሁሉ «ገና ልጆች ናችሁ፣ ትወልዳላችሁ» እያለ አጽናናቸውና ነገሩ ተዘጋ። ስም የሌለው ልጅ ብዙ አይለቀስለትም። እሷም አላለቀሰችም፤ አየር ማረፊያው አጠገብ ወደምታጸዳው ቤት ተመለሰች።

ሁለተኛው ሆድ ሲገፋ የስም ክርክር ተጀመረ። አምለሰት የፈለገችው ይቆየኝ የሚለውን ነበር፤ ሴት ከሆነች ደግሞ ትቆየኝ። ይሄይስ አሻፈረኝ አለ።

«ልጄ ገና ሳይወለድ ስሙ ይለምናል እንዴ? ለማኝ አይደለም።»

«እኔ ለማኝ ነኝ» አለችው። «እሱ አይለምን፣ እኔ ልለምንለት።»

«አቻምየለህ ነው የሚባለው።»

አቻምየለህ፣ ይሄይስ ባህር ዳር ሳለ ሥራ ያስተማሩት ሰው ስም ነው፤ ቆሞ የሚመካበት ስም እንደሆነ ነገረን። ሴት ብትሆንስ ብዬ ብጠይቀው «ወንድ ነው» አለኝ። ሐኪሟ እንኳ በማሽን አይታ ተጣጥፎ አልታይ ብሎኛል ያለችውን፣ እሱ ከውጭ አየው። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ አምለሰት እሺ አለች፣ ግን በአንድ ነገር፦ እስኪወለድ ድረስ ስሙ ከማንም አፍ እንዳይወጣ። ያልተወለደ ልጅ በስሙ አይጠራም፣ ሰሚው አይታወቅም ትል ነበር እናቷ። ይሄይስ ተስማማ። የተስማማው ግን በአፉ ብቻ ነው።

ማታ ማታ ከሥራ ሲገባ፣ የሲሚንቶውን አቧራ ሳይታጠብ፣ አፉን ሆዷ ላይ ለጥፎ «አቻምየለህ» ይላል በሹክሹክታ። ልጁ ይራገጣል። ሌላ ነገር ቢያወራው ዝም ነው፤ በስሙ ሲጠራው ግን ይመልሳል። እኔም አይቻለሁ፣ ቀሚሷ ብድግ ሲል። አምለሰት ትቆጣዋለች፣ ተቆጥታ ደግሞ ትስቃለች። እኔማ ሊኮራ የተፈጠረ አባት ብዬ ትቼዋለሁ።

ሀርጌሳ ከምሳ በኋላ ትተኛለች። ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ አህያ ሳይቀር ጥላ ፈልጎ ይቆማል። በዚህ ሰዓት ነው አምለሰት በሯ ሥር ጋደም ብላ የሴት ድምፅ የሰማችው፤ ከቆርቆሮው በር ውጭ፣ ልጇን ለምሳ እንደምትጠራ እናት።

«አቻምየለህ።»

ሆዷ ውስጥ ያለው ልጅ ተራገጠ።

እኔ የቀለድኩባት መስሏት ያን ሆዷን ተሸክማ ጸጉር ቤት ድረስ መጣች። «እንዲህ አይቀለድም፣ ሚስጥር» አለችኝ። ከጠዋት ጀምሮ የሙሽራ ጸጉር ላይ ነኝ፣ ንቅንቅ አላልኩም። ሙቀቱ ነው፣ ውሃ ጠጪ አልኳት። ጠጥታ ሄደች።

ዓርብ ሥራ የለኝም፤ አብረን ጊቢው ውስጥ ልብስ እናጥባለን። ነፋስ እንኳ የለም። ድምፁ መጣ። ልስልስ ያለ ነው፣ የእኛ አገር ሴት ድምፅ፣ የመጨረሻዋን ፊደል ትንሽ ጎተት የሚያደርግ። «አቻምየለህ።» እኔ ተነስቼ «ማነው?» ልል አፌን ስከፍት አምለሰት በሳሙና እጇ አፈነችኝ። ጠሪውን ሳያዩ አቤት አይባልም፤ ያደግንበት ነው። ሁለተኛ እስኪጠራ ጠበቅን። አልጠራም። መጥራትም አላስፈለገው፤ የአምለሰት ሆድ ከእርጥብ ቀሚሷ ሥር ወዲያና ወዲህ ይላል፣ ልጁ ይራገጣል፣ እሷ ከንፈሯን ነክሳ ባልዲውን ይዛለች።

«አቤት እያለ ነው» አለችኝ። «እኔ አፌን ብይዝ እሱ ይመልስላታል።»

በሩን ከፍቼ ወጣሁ። መንገዱ እስከ ጥጉ ድረስ ባዶ ነው። አንድ የውሃ ጋሪ ቆሟል፣ ባለቤቱ ከሥሩ ተኝቶ ያንኮራፋል። ቀትር ላይ፣ በዚያ ፀሐይ፣ ብርድ ብርድ አለኝ።

በዚያው ሌሊት ቁርጠት ያዛት። ሐኪሟ ልጁ ያለ ጊዜው ወደ ታች እየወረደ ነው፣ ተኚ፣ አትነሺ፣ ከአሁኑ ከመጣ ላይተርፍ ይችላል አለቻት። ገና ሰባት ወሯ ነው። ይሄይስ ጉራው ጠፋ። ስሙንም መጥራት አቆመ፤ አምለሰት ግን ተኝታም በሩን በሩን ታያለች።

ከዚያ ኤዶ ዓናብ መጣች። ከገበያ መመለሷ ነው፤ ዘንቢሏን ሳታስቀምጥ ደፉ ላይ ቆማ ጠየቀችን።

«አንቺ፣ አቻምየለህ የሚባል ልጅ እዚህ አለ እንዴ?»

ለዓናብ ስሙን የነገራት የለም።

«አንዲት ሴት በሩ ላይ ጠየቀችኝ። የእናንተ አገር ሴት ናት፤ አሮጊትም አይደለች፣ ወጣትም አይደለች። ማዘያ አስራለች፣ ጀርባዋን ሳየው ግን ባዶ ነው። ወላሂ ባዶ ነው። ግን እንዲህ እንዲህ ትላለች» ብላ ልጅ እንደሚያባብል ሰው ትከሻዋን ወዘወዘች። «እንዲህ የሚባል ልጅ የለም አልኳት።»

«ምን አለችሽ?» አለች አምለሰት።

«‹አለ እንጂ› አለችኝ። ‹ስጠራው ይመልስልኛል።›»

ዓናብ የሴትዬዋን መልክ እንጂ ነገሩን አላወቀችም፤ ፊታችንን አይታ ግን «አዑዙ ቢላህ» አለችና ዘንቢሏን ለቀቀችው። ቲማቲሙ ወለሉ ላይ ተበተነ። ማንም አላነሳውም።

ይሄይስ ሲገባ አምለሰት ተነስታ ተቀምጣ ጠበቀችው። አልጮኸችም።

«ይህን ስም ሌላ ማንን ጠርተህበታል?»

መጀመሪያ ማንንም አለ። ከዚያ የእጁን ሲሚንቶ መፈቅፈቅ ጀመረ። ከዚያ «ያኛውን» አለ።

ያኛውን፣ የመጀመሪያውን፣ ገና ሆዷ ውስጥ እያለ፣ እሷ እንቅልፍ ሲወስዳት። ስሙን ያኔ ነበር የመረጠው። ሲወለድ በሰባተኛው ቀን ሊነግራት አስቦ ነበር፤ ሰባተኛው ቀን አልመጣም። «አፈር ስመልስበትም ጠርቼዋለሁ» አለ። «ዝም ብዬ ልቀብረው አልቻልኩም። ከዚያ ይህኛው ሲመጣ፣ ስሙ እንዲሁ ሜዳ ላይ ከሚቀር ብዬ…»

«ሜዳ ላይ አልቀረም» አለች አምለሰት። «ባለቤት ነበረው። የወንድሙን ስም አውልቀህ ነው ለዚህኛው ያለበስከው፤ እዚያ ሲጠሩት እዚህ ያለው ቢመልስ ምን ይገርማል?»

ይሄይስ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ነው እሷ ማልቀስ የጀመረችው፤ ለዚያ ልጅ ስታለቅስ ሳያት ያ የመጀመሪያው ነበር። «ሁለት ዓመት ሙሉ» አለች፣ «ምን ብዬ እንደማለቅስለት ቸግሮኝ እኮ ነው። ስም ነበረው ለካ።» እኔም አለቀስኩ፣ መደበቅ ምን ያደርጋል።

በማግስቱ ወደ መቃብሩ ካልወሰዳችሁኝ አለች። ሐኪሟ የተናገረችውን ብናስታውሳት «እዚህ ተኝቼም እየወሰደችብኝ ነው» አለችን። ታክሲ ይዘን በዝግታ ወጣን። ቦታው ከከተማው ዳር ነው፣ እኛን መሰል ሰው የሚቀበርበት፤ ድንጋይና እሾህ ብቻ። ይሄይስ ሳያመነታ አገኘው። ዙሪያውን በድንጋይ ከልሎት፣ መሐሉ ላይ አንድ ነጭ ሴራሚክ አንጥፎበታል። ውሃ ልክ ይዞ እንዳነጠፈው ታስታውቃለች፣ ያን ሁሉ ጊዜ አልተዛነፈችም። ምንም አልተጻፈባትም።

አምለሰት ቆመች። አንድ እጇን ሆዷ ላይ አደረገች፤ ለምን እንደሆነ ገባኝ፣ ባይገባኝ ይሻለኝ ነበር። ልጁ አሁንም ከመለሰ ያለቀልን ነን።

«አቻምየለህ» አለች። ድምጿ በሕይወቴ እንደዚያ ከፍ ብሎ አልሰማሁትም። «አቻምየለህ ይሄይስ። ልጄ፣ ስምህ ያንተ ነው። ማንም አይወስድብህም። እኔ እናትህ ነኝ የጠራሁህ።»

ይሄይስ ሆዷ ላይ ያለውን እጇን ያያል፣ እኔም አያለሁ። ምንም አልተንቀሳቀሰም። ደግማ ጠራችው፤ ሆዷ ዝም አለ። ይሄይስ ተንበርክኮ በሴራሚክ መቁረጫው ጫፍ ስሙን ነጯ ላይ ይቆረቁር ጀመር፤ ድምፁ ጥርስ ያሳክካል።

ዝም ማለቱ መልካም ነው ብለን ነበር። በታክሲው ውስጥም ዝም አለ። ቤት ገብታ ተጋደመች፣ ዝም አለ። በግራ ተኛች፣ በቀኝ ተኛች፣ ስኳር በጥብጬ አጠጣኋት፣ ዝም። ይሄይስ ግድግዳውን ተደግፎ «ሁለቱንም ሰጠናት» አለ። ዝም በል አልኩት፤ እኔም ግን ያሰብኩት ያንኑ ነው። ሐኪም ቤት ልንወስዳት ስንነሳ ኤዶ ዓናብ ገባች፣ «በስመላህ» ብላ ሰፊ መዳፏን ሆዷ ላይ ጣል አደረገች፣ ዐይኗን ጨፍና ቆየች።

«ተኝቷል አቦ» አለች። «ስንት ቀን ሙሉ ሲጠራ የዋለ ልጅ አይደክመውም እንዴ?»

መዳፏን ሳታነሳ ልጁ ተገላበጠ። እርግጫ አልነበረም፣ እንቅልፉን ጠግቦ እንደሚንጠራራ ሰው ነው። አምለሰት ዐይኗን ከደነች፣ ይሄይስ ወጥቶ ከበርሜሉ አጠገብ ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲህ በሩ ላይ የጠራ የለም። ቁርጠቱም ተወት አደረጋት። አንድ ማታ ይሄይስ ከሥራ ገብቶ፣ መጀመሪያ ታጥቦ፣ አፉን ሳይሆን ጆሮውን ሆዷ ላይ ለጠፈ። «አንቺ ያልሽው ይሁን» አላት።

«ለማኝ ሆነ እንዴ ልጅህ?» አልኩት፣ አልቻልኩም።

«አብረን እንለምናለን» አለ።

አዲሱንም ስም ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልጠሩትም፣ እስኪወለድ ድረስ።

በጊዜዋ ተወለደች። ሴት ናት፤ ይሄይስ ከውጭ ያየው ወንድ ጉድ አደረገው። ትቆየኝ። ይሄይስ ስሟን መጀመሪያ ሲጠራት ድምፁ እንደ ልመና ነበር፣ ምንም አላፈረም። ወደ ቤት ያመጣናት ዕለት ከምሳ በኋላ የበጋው ነፋስ ተነስቶ አቧራው ቆርቆሮውን ይደበድባል። አምለሰት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታጠባታለች፣ እኔ ወተት አሞቃለሁ። ኤዶ ዓናብ የጊቢውን በር ልትዘጋ ሄዳ ቆየች። ስትመለስ ደፉ ላይ ቆመች።

«ያቺ ሴት በዚህ አለፈች» አለች።

ይሄይስ ብድግ አለ። «ጠራች?»

«አልጠራችም። አልቆመችምም፣ ወደ በራችንም አላየችም።» ሻርፏን አስተካከለች። «ማዘያዋ ግን ዛሬ ባዶ አይደለም። ልጅ አዝላለች።»

ወተቱ ገንፍሎ እሳቱ ላይ ፈሰሰ፣ አላነሳሁትም። ትቆየኝ ትጠባለች፣ ሌላ ድምፅ የለም። አምለሰት ቀና ብላ የተዘጋውን በር አየች፣ ነፋሱን አዳመጠች።

«ውጭው ብርድ ነው» አለች። «አልብሳዋለች?»

«አልብሳዋለች» አለች ዓናብ። «እግሩን ሳይቀር።»

አምለሰት ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ትቆየኝን ወደ ሌላኛው ጡቷ አዞረቻት።