ከፊደሉ በላይ ያለው ምልክት

የእናቴ ታላቅ ወንድም የድጓ መምህር ናቸው። እኛ ቤተሰቦቻቸው እንኳ እንደ ተማሪዎቻቸው «የኔታ» ነው የምንላቸው። ድካም ሲበረታባቸው ደማቸውን የቀዳሁት እኔ ነኝ፤ መካነ ሰላም ሆስፒታል ውስጥ በላብራቶሪ ባለሙያነት እሠራለሁ። በማይክሮስኮፑ ሳየው ያልበሰሉ ነጭ የደም ሴሎች ሞልተውታል። ዓይኔን አንሥቼ፣ መነጽሬን ጠርጌ እንደገና አየሁ። ያው ነው።

አዲስ አበባ ተልከው የደም ካንሰር መሆኑ ታወቀ። እዚያ ያየቻቸው ዶክተር ከደማቸው ጥቂቱን ለጥናት ወደ ውጭ አገር ላከች፤ እሳቸውም ውጤቱ እስኪመጣ ደም ተሰጥቷቸው ተመለሱ። እናቴ ግን ለታመመ ሰው ክፉ አይነገርም ብላ በሽታውን ደም ማነስ አለችው። እኛ ዘንድ ልማዱ ይኸው ነው። ጎረቤቱም ሰምቶ የምስር ወጥና ቀይ ሥር ያመላልስ ጀመር። የኔታ ይበላሉ፤ ፊታቸው ግን እየገረጣ ሄደ።

አንድ ቀን ውጤቱ ደርሷት ዶክተሯ ደወለችልኝ።

«አንቺ ያየሻቸው ሴሎች በማይክሮስኮፕ ከሌላው በሽተኛ አይለዩም» አለችኝ። «ዘረ መላቸው ላይ ግን ደቃቅ ኬሚካሎች ተለጥፈዋል። የቱ ይነበብ፣ የቱ ዝም ይበል የሚሉት እነሱ ናቸው። አለጣጠፋቸው በሽታው የትኛው ዓይነት እንደሆነ ይነግረናል፤ ወዴት እንደሚሄድም ይጠቁማል። የሳቸው ካልታከመ ይፈጥናል። ግን እንዲህ ያለባቸው ሰዎች እነዚያን የኬሚካል ምልክቶች የሚያነሣ መድኃኒት ብዙ ጊዜ ይሠራላቸዋል። ቶሎ ይምጡ።»

ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ይህንን ለፈተና ሸምድጄው ነበር። አሁን ግን እኔው ከቀዳሁት ክንድ፣ ከማውቀው ደም ውስጥ ተገኘ። ስልኩን ዘግቼ የኔታ ቤት ሄድኩ።

የኔታ ግቢ ውስጥ ጋቢ ደርበው ፀሐይ ይሞቃሉ። ድጓው ፊታቸው አትሮንሱ ላይ ተዘርግቷል።

«አዲስ አበባ ይፈልጉዎታል» አልኳቸው።

«ለደም ማነስ? ምስር እንደሆነ እዚህም አለ። እናትሽ እኮ ሆዴን የምስር ማሳ አድርጋዋለች! አልሄድም፤ ተማሪዎቼ ተበትነው ሊቀሩ ነው።»

እናቴ ከበሩ ላይ ሆና አፈጠጠችብኝ። እኔ ሰው ፊት ድምፄ አይወጣም፤ ውጤት እንኳ በወረቀት እሰጣለሁ እንጂ በቃል አልናገርም። ካልሄዱ ግን ይሞታሉ። ጣቴን ሳላስነካ ከቃላቱ በላይ የተጻፉትን ጥቃቅን የዜማ ምልክቶች አሳየኋቸው።

«የኔታ፣ እነዚህ ቢሳሳቱ ቃሉ ይለወጣል?»

«ቃሉማ ያው ነው። ዜማው ነው የሚበላሸው። የት እንደሚነሣ፣ የት እንደሚቆረጥ ተማሪው በምን ያውቃል?»

«በደምዎም እንዲህ ያለ ምልክት አለ። ፊደሉ ላይ አይደለም፣ ከፊደሉ በላይ ነው። ያለ ቦታው ገብቶ ሊነበብ የሚገባውን ዝም አሰኝቶታል። ደም ማነስ አይደለም፣ የኔታ። የደም ካንሰር ነው።»

«ምላስሽን ይቁረጠው!» አለች እናቴ።

የኔታ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኟት። «ማን ጻፈው?» አሉኝ።

«አይታወቅም።»

«ማንስ አነበበው?»

«ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች። ከአንዲት ብልቃጥ ደም።»

«አጃኢብ!» ድምፃቸው ውስጥ ፍርሃት አልሰማሁም። «መልኬን ሳያዩ፣ ድምፄን ሳይሰሙ! እና ይፋቃል?»

ይህን ይጠይቁኛል ብዬ አላሰብኩም። «የሚፍቅ መድኃኒት አለ። ግን ተስፋ ነው ያሉት እንጂ እርግጥ ነው አላሉም።»

«ብራናም ሲፋቅ ሊቀደድ ይችላል። ስሕተት ይዞ ከሚኖር ግን ይፋቃል።» ድጓውን ዘጉና ወደ እናቴ ዞሩ። «በይ ስንቅ ቋጥሪ። ምስር ግን እንዳይሆን።»

አሁን መድኃኒቱን አዲስ አበባ እየተመላለሱ ይወስዳሉ። በቀደም ደማቸውን ቀድቼ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎነበስኩ። ያልበሰሉት ሳስተዋል፤ የበሰሉ ሴሎች እዚህም እዚያም ብቅ ብለዋል። ምልክቶቹ እኔ ባለኝ መሣሪያ አይታዩም፤ የማየው ትእዛዛቸው ያመጣውን ነው። ያ ሁሉ ትእዛዝ በማይታይ ነገር ተጽፎ፣ ሰው ደርሶበት፣ ደግሞ ማንሣት መቻሉን እያሰብኩ ከማይክሮስኮፑ ተነሣሁ።

የኔታ ውጭ አግዳሚው ላይ ከተራ ጠባቂዎች ጋር ተቀምጠው ያንጎራጉራሉ። ወረቀቱን ሳልጽፍ ወጣሁ። ሲያዩኝ ዜማቸውን አቋረጡ።

«ተፋቀ?»

«እየተፋቀ ነው!» አልኩ፤ ድምፄ ወጥቶ ኖሮ አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ።